ስለ ማርጋሬት ጋርነር ታሪክና «የተወደደች» ስለሚባለው መጽሐፍ ፍጻሜ

በአሜሪካ በብዙ ትምህርት ቤቶች ለተማሪዎች ከሚነበቡት የልብ ወለድ ታሪኮች አንዱ ወይዘሮ ቶኒ ሞሪሰን በ1987 ዓመት ያሳተሙት «ቢላቭድ» የሚባለው መጽሐፍ ነው፤ ስሙም ወደ አማርኛ ሲመለስ «የተወደደች» ማለት ይሆናል። (በዚህ ጽሕፈት የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።) ነገሩም ከባርነት ሸሽታ ስለ ወጣች፣ አሳዳጆችዋ በደረሱባት ጊዜም ሕፃን ልጅዋን ወደ ባርነት እንዲመልሱባት ከመፍቀድ ይልቅ በገዛ እጅዋ ስለ ገደለች እናት ነው። የሞተችው ልጅ ከብዙ ዓመት በኋላ አካለ መጠን ያደረሰች ሴት መስላ ወደ እናትዋ ቤት ትመጣለች፤ በመጨረሻም ትጠፋለች። እርስዋ ከጠፋች በኋላ ሁለት ገጽ ብቻ የሚሞላ አጭር ምዕራፍ አለ። በክፍል ውስጥ የሚነሣው ክርክር የሚወለደው ከዚህ ምዕራፍ ነው።

እኵሌቶቹ ተማሪዎች ፍጻሜው የመዳን ፍጻሜ ነው ይላሉ፤ ያለፈው ነገር ከቤት ወጥቶ ሄዷል፣ እናቲቱም ከእንግዲህ ወዲህ በሕይወት ካሉት ጋር ትኖራለች ብለው ያስረዳሉ። እኵሌቶቹ ግን ይህ መዳን ሳይሆን መርሳት ነው፤ ያች ሕፃን መጀመሪያ በመጋዝ ሞተች፣ ሁለተኛም ሰው ሁሉ ስለ ረሳት ሞተች ብለው ይቃወማሉ። ለሁለቱም ወገን የሚያግዝ ቃል ከዚያው ገጽ ስለሚገኝ መምህሩ በአንዱ ላይ ፈርዶ ለመነሣት ይቸግረዋል።

ክርክሩ ከክፍል ወጥቶ እስከ ምክር ቤት የደረሰበት ጊዜም አለ። በቨርጂኒያ ክፍለ አገር በ1ኛ ደረጃ በዚህ መጽሐፍ ምክንያት፣ የፍትወት ነገር ያለበት ጽሑፍ ለተማሪ ከመሰጠቱ በፊት ለወላጅ ይነገር የሚል ሕግ በ2016 ዓመት በምክር ቤቱ ተወስኖ ነበር፤ አገረ ገዥው ቴሪ ማኮሊፍ ግን ሳይቀበሉት መለሱት፤ በ2017 ዓመትም እንደገና እንዲሁ ሆነ። ይህ ሙግት ስለ መጽሐፉ ጨዋነት የተደረገ እንጂ ስለ ፍጻሜው የተደረገ አይደለምና በዚህ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። ፍጻሜውን ለመመርመር የሚሻ ሰው መጽሐፉ ከቆመበት ከእውነተኛው ታሪክ መጀመር ይገባዋል።

በዚያ ዘመን የኦሃዮ ወንዝ የሁለት ሕግ ድንበር ነበር። በስተ ደቡቡ ያለው የኬንተኪ አገር ባርነት የጸናበት፣ በስተ ሰሜኑ ያለው የኦሃዮ አገር ግን ባርነት የተከለከለበት ነበርና ወንዙን የተሻገረ ባሪያ ነጻነቱን ያገኘ ይመስለው ነበር። ነገር ግን በ1850 ዓመት የአሜሪካ መንግሥት ምክር ቤት ስለ ኰበለሉ ባሮች አዲስ ሕግ አወጣ። በዚህ ሕግ መሠረት የኰበለለ ባሪያ ነጻ በሆነ አገር ቢገኝም ተይዞ ለጌታው ይመለሳል፤ ባሪያ ነው የተባለውም ሰው ስለ ራሱ ምስክርነት መስጠት አይፈቀድለትም፤ በሽማግሎች ጉባኤም ፊት አይዳኝም። ነገሩን የሚያየው ሹም ሰውየውን ለጌታው ቢፈርድ 10 ዶላር፣ ቢለቀው ግን 5 ዶላር ይከፈለው ነበር። የዚህ ልዩነት ምክንያት ጌታው ሲረታ የሚጻፈው ወረቀት ብዙ ስለ ሆነ ነው ተብሎ ተነግሯል። ይህን ምክንያት የሚያምን ይመነው።

ሕጉ በወጣ ጊዜ በአሜሪካ ካህናትና የመጻሕፍት መምህራን መካከል ታላቅ ክርክር ተነሣ። ሕጉን የሚደግፉት ቅዱስ ጳውሎስ አናሲሞስን ወደ ጌታው ወደ ፊልሞና መልሶ መላኩን ይጠቅሱ ነበር። የሚቃወሙት ደግሞ በኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 23 በቍጥር 15 የተጻፈውን፣ ከጌታው የኰበለለውን ባሪያ ለጌታው አሳልፎ መስጠትን የሚከለክለውን ትእዛዝ ያመጡ ነበር። ጳውሎስም አናሲሞስን ሲልክ ከእንግዲህ ወዲህ እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ተወደደ ወንድም ይቀበለው ዘንድ ፊልሞናን መለመኑን የመጀመሪያዎቹ ሳያነብቡት አልቀሩም፤ ዳሩ ግን እንዳላነበቡት ሆኑ። (የዚህ የአናሲሞስ ስም ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በሕፃንነታቸው ተሰርቀው ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው የተሸጡት፣ በ1870 ዓመት በምጽዋ ነጻ የወጡት፣ በኋላም መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጐሙት ሰው በተጠመቁ ጊዜ የተሰጣቸው ስም ይህ ነበር፤ አናሲሞስ ነሲብ። የተወለዱትም የማርጋሬት ጋርነር ነገር በችሎት በተሰማበት በ1856 ዓመት ገደማ ነው።)

ማርጋሬት ጋርነር በኬንተኪ በቡን አውራጃ የአርኪባልድ ጌንስ ባሪያ ነበረች። ዕድሜዋ ሃያ ሁለት ዓመት ያህል ነበር። ባልዋ ሮበርትና የባልዋ አባትና እናት ግን ጄምስ ማርሻል የሚባል የሌላ ጌታ ገንዘብ ነበሩ። በ1856 ዓመት ጃኑዋሪ 27 ቀን እሑድ ሌሊት፣ ብርዱ እጅግ ጸንቶ ወንዙ በረዶ በሆነ ጊዜ፣ አሥራ ሰባት የሚያህሉ ባሮች በአንድነት ተነሥተው በፈረስ በሚሳብ የበረዶ ጋሪ እስከ ወንዙ ዳር ደረሱ፤ ከዚያም በበረዶው ላይ በእግራቸው ተሻግረው ሲንሲናቲ ከተማ ገቡ። ከከተማው ከገቡ በኋላ ተለያዩ። ዘጠኙ ስደተኞችን በስውር ያሳልፉ በነበሩት ሰዎች ረዳትነት ወደ ካናዳ አመለጡ። ስምንቱ የጋርነር ቤተ ሰዎች ግን፣ ማርጋሬትና ባልዋ፣ አማትና አማችዋ፣ አራቱም ልጆችዋ፣ ኤላይጃ ካይት ወደሚባል ነጻ ወደ ወጣ ዘመዳቸው ቤት ሄዱ። ካይት ምክር ለመጠየቅ ብዙ ባሮችን በማሸሽ የታወቀውን ሌቪ ኮፊንን ሊያገኝ ወጣ። ኮፊንም ቶሎ ከዚያ ቤት አውጣቸው አለው። ነገር ግን ከቤቱ ሳይወጡ ጌንስና የመንግሥት ሕግ አስከባሪዎች ቤቱን ከበቡት።

ሮበርት ሽጕጥ ተኵሶ ከሕግ አስከባሪዎቹ አንዱን አቈሰለ። በሩ በተሰበረ ጊዜ ማርጋሬት የሥጋ ቢላዋ አንሥታ የሁለት ዓመት ልጅዋን ሜሪን አረደቻት፤ ሌሎቹንም ልጆች ልትገድል ስትሞክር ያዝዋት። ወንዶቹ ልጆች ቈስለው፣ ታናሺቱም ሕፃን ተመትታ ተረፉ።

ከዚህ በኋላ የሆነው የሕግ ነገር እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ጠበቃዋ ጆን ጆሊፍ የሚከራከርላት ከግድያ ወንጀል ነጻ ትውጣ ብሎ አልነበረም፤ በግድያ ወንጀል ትከሰስ ብሎ ነበር እንጂ። ምክንያቱም በኦሃዮ ሕግ በነፍስ ማጥፋት ብትከሰስ በኦሃዮ ወህኒ ቤት ትቀመጣለች፤ በኦሃዮ ዳኛም ፊት ትቆማለች፤ ለጌንስም አትሰጥም። ጆሊፍም ጋርነሮች ወደ ባርነት ከሚመለሱ እየዘመሩ ወደ መሰቀያው ይሄዳሉ ሲል ለችሎቱ ተናገረ። ሰው ሞትን ለደንበኛው ሲለምንለት መስማት በችሎት ታሪክ ብዙ ጊዜ አይገኝም። በነፍስ ገዳይነት ለመከሰስ ግን አስቀድሞ ሰው መሆን፣ የተገደለውም ሰው መሆን ያስፈልጋል። የኰበለሉ ባሮች ሕግ በሚያይበት ዓይን ማርጋሬት የጌንስ ንብረት ናት፤ የሞተችውም ሜሪ የጌንስ ንብረት ናት፤ ስለዚህ የጠፋው የጌንስ ገንዘብ ነው። ነገሩን ያየው ሹም ጆን ፔንደሪ በፌብሩዋሪ 26 ቀን ሁሉም ወደ ጌቶቻቸው ይመለሱ ብሎ ፈረደ።

ስለ ሴቶችና ስለ ባሮች መብት የምትናገረው ሉሲ ስቶን በወህኒ ቤት ጠይቃት ነበርና በችሎቱ ቆማ ተናገረች። የልጆቹ የፊት ቀለም መንጣቱ ሴቶች ባሮች ምን እንደሚደረግባቸው የሚመሰክር መሆኑን ለሰው ሁሉ አሳሰበች። የማርጋሬት ልጆች ከእርስዋ ይልቅ የነጡ ነበሩ፤ በችሎቱ የተቀመጠውም ሰው ሁሉ ነገሩ ገብቶታል፤ ዳኛው ግን ስለዚህ የጠየቀው ነገር የለም።

የኦሃዮ አገረ ገዥ ሳልመን ቼስ በነፍስ ማጥፋት ትከሰስ ዘንድ ማርጋሬትን እንዲልኩለት ለኬንተኪ አገረ ገዥ ጻፈ። ጌንስ ግን ከቦታ ወደ ቦታ ያዛውራት ስለ ነበረ ትእዛዙን የያዙት ሰዎች ሊያገኝዋት አልቻሉም። በማርች ወር ወደ ደቡብ በሚወርድ በእንፋሎት በሚሄድ መርከብ ላይ ሳለች መርከቡ ከሌላ መርከብ ጋር ተጋጨና በእጅዋ የነበረችው ታናሺቱ ሕፃን ሲላ ሰጠመች። እናቲቱ በዚህ እንደ ተደሰተች የዘመኑ ጋዜጦች ጻፉ። በ1858 ዓመትም በሚሲሲፒ አገር ባሪያ እንደ ሆነች በተስቦ በሽታ ሞተች። ባልዋ ሮበርት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ1870 ዓመት፣ ለአንድ የሲንሲናቲ ጋዜጣ እንደ ነገረው ስትሞት በባርነት ሳለ ሌላ ሴት እንዳያገባ፣ ነጻነትንም ተስፋ እንዲያደርግ ተናዘዘችለት።

ማርጋሬት ገና በወህኒ ቤት ሳለች የተጻፈ አንድ ጽሑፍ አለ፤ ስለ ፍጻሜው ለሚመረምር ሰው ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። በሲንሲናቲ በፌርማውንት የነገረ መለኰት ትምህርት ቤት የነበሩ ባሴት የሚባሉ ሰው በከተማው ወህኒ ቤት ከሰበኩ በኋላ በጠባቂው ፈቃድ ማርጋሬት ካለችበት ክፍል ገቡ። ያዩትንና የሰሙትን በ1856 ዓመት በፌብሩዋሪ ወር «አሜሪካን ባፕቲስት» ለሚባለው የቤተ ክርስቲያን ጋዜጣ ጻፉ። ባሴት እንደ ማንም ሰው የጠየቅዋት ያን ባደረገችበት ጊዜ ከድንጋጤ የተነሣ አእምሮዋን ስታ እንደ ነበረ ነው። አልሳትኩም አለች፤ በዚያን ሰዓት እንደ አሁን የረጋሁ ነበርሁ፤ ልጆቼ ቀስ በቀስ ከሚገደሉ በአንድ ጊዜ ብገድላቸው ይሻለኛል ብላ መለሰች። ሰባኪው ይህን ሲሰሙ ምክር ወይም ተግሣጽ የሰጡ አይመስልም፤ ሰምተው ጻፉት። ብዙ ሰባክያን ከዚህ ያነሰ ነገር ሲሰሙ ዝም ለማለት አይቻላቸውም።

በዚያው ክፍል የባልዋ እናትም ነበሩ። እኚህ አሮጊት ከስድሳ ዓመት በላይ የሆናቸው፣ ለሃያ ዓመት ያህል በሃይማኖት የጸኑ ሴት ነበሩ። ልጅቱ ስትገደል አይተዋል። ባሴት ስለዚህ በጠየቅዋቸው ጊዜ ምራቴን አላደፋፈርኋትም፣ አልከለከልኋትምም፣ እኔም በእርስዋ ቦታ ብሆን ምናልባት እንዲሁ ባደረግሁ ነበር ብለው መለሱ። ወይዘሮ ሞሪሰን በመጽሐፋቸው ቤቢ ሰግስ ብለው የሰየምዋት፣ ምራትዋን ማመስገንም መኰነንም ተስንዋት አልጋ ላይ ወድቃ የምትሞተው አሮጊት ከዚህ ከአንድ መልስ የወጣች ናት ማለት ይቻላል።

የማርጋሬት ስም ለጥቂት ጊዜ ታወቀ። ፍሬድሪክ ዳግላስ በንግግሩ አነሣት፤ ፍራንሲስ ሃርፐር የምትባል ባለ ቅኔ በ1857 ዓመት ግጥም ጻፈችላት፤ ቶማስ ኖብል የሚባል ሠዓሊ በ1867 ዓመት ሥዕልዋን ሠርቶ በጥንት ግሪኮች ተረት ልጆችዋን በገደለችው በሜዴያ ስም ጠራት። ስሙ በደንብ ያልተመረጠ ነው፤ ሜዴያ የገደለችው ባልዋን ለመበቀል ነበርና። ከዚያ በኋላ ነገሩ ጸጥ አለ። በ1865 ዓመት ባርነት በሕግ ከቀረ በኋላ የቀድሞ ጌቶች ስለ ማፈራቸው፣ ነጻ የወጡትም ስለ ቁስላቸው፣ ሁለቱም ዝም ለማለት ምክንያት ነበራቸው። መቶ ዓመት የሚያህል እንዲህ ሆኖ አለፈ። በ1974 ዓመት ራንደም ሃውስ የሚባለው ማተሚያ ስለ ጥቁር አሜሪካውያን ኑሮ ከልዩ ልዩ ወረቀት የተሰበሰበ «ጥቁር መጽሐፍ» የሚባል አሳተመ። የመጽሐፉ አዘጋጅ ሆነው በማተሚያው ቤት ይሠሩ የነበሩት ወይዘሮ ሞሪሰን ሲሆኑ የባሴትም ጽሑፍ በውስጡ ገብቶ ነበር። ከዚያች ቍራጭ ጋዜጣ ልብ ወለዱ እስኪወጣ አሥራ ሦስት ዓመት ዐለፈ።

ደራሲቱ ስለ ማርጋሬት ከዚያ ወዲያ የሆነውን አብዝተው ላለመመርመር ሆን ብለው እንደ ተዉት ተናግረዋል። ስለዚህ የልብ ወለዱ እናት ሴት የምትባለው ከማርጋሬት ጋር የምትተካከለው እስከዚያች ሰዓት ድረስ ብቻ ነው። ስሟም በአማርኛ ሲጻፍ ሴት ከሚለው ቃል ጋር ስለሚመሳሰል ሴቴ እንበላት። ሴቴ ወደ ባርነት አትመለስም፤ ታስራ ትፈታና በሲንሲናቲ ዳር በአንዲት ቤት ትቀመጣለች፤ ታሪኩም ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1873 ዓመት ይጀምራል። ሕግ ለማርጋሬት የከለከላትን ደራሲቱ ለሴቴ ሰጥዋት፤ ይኸውም ከሥራዋ ጋር የምትኖርበት ዕድሜ ነው። ይህ ስጦታ ምሕረት ነው ለማለት ግን ያስቸግራል።

ሌላም የለወጡት ነገር አለ፤ ክፍል ውስጥ ስለ ፍጻሜው የሚከራከሩትም ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ይህን ነው። በእውነተኛው ታሪክ ጋርነሮች የተያዙት ሰዓት ስላጠራቸው ነው። በልብ ወለዱ ግን ሰዓት ነበረ፤ የጠፋው ጎረቤት ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ሴቴ ከነልጆችዋ በደኅና በመድረስዋ አማትዋ ቤቢ ሰግስ ከጥቂት እንጆሪ የተነሣ ታላቅ ግብዣ አድርጋ ዘጠና ሰው አበላች። በሉ፤ ሳቁ፤ በማግሥቱም ቀኑባት። እንጀራና ዓሣ ማበርከት የጌታ ሥራ ነው እንጂ የእርስዋ አይደለም፣ እንዲህ የምትሆን ማን ብትሆን ነው ብለው አጕረመረሙ። አራት ፈረሰኞች ወደ ሴቴ ቤት ሲመጡ ከመንደሩ ሰው ያያቸው ነበረ፤ ነገር ግን እንደ ልማዱ ሮጦ የሚያስጠነቅቅ ልጅ የላከ አልነበረም። ፈረሰኞቹ አራት መሆናቸው የዮሐንስን ራእይ ላነበበ ሰው የተሰወረ አይደለም። በጥቁር ሕዝብ ላይ ስለ ተሠራው ግፍ የሚጽፍ ደራሲ ከበደሉ አንዱን ክፍል በገዛ ወገኑ ቅንዓት ላይ ሲጥል ብዙ ጊዜ አይታይም። ወይዘሮ ሞሪሰን ይህን ደፍረውታል፤ የመጽሐፉም ፍጻሜ የሚፈታው በዚህ ነው።

በፍጻሜው ላይ ሟቺቱ ልጅ እናትዋን እየበላች ታከሳታለች። ሴቴ ሥራዋን ትታ፣ ምግብዋን ለልጂቱ ሰጥታ፣ ቀንና ሌሊት ያን ቀን ስላደረገችው ነገር ምክንያት ስትሰጥ ትኖራለች፤ ልጂቱም ምንም ምክንያት አይበቃትም። ሌላይቱ ልጅ ዴንቨር ከቤት ወጥታ ተርበናል ብላ ለጎረቤት ትናገራለች። ከዚያም ወዲህ በግቢው ዳር ላይ ምግብ የያዘ ሳሕን ይገኝ ጀመር፤ በሳሕኑም ሥር የላኪዪቱ ስም ይጻፋል። በመጨረሻም ኤላ የምትባል ሴት ሠላሳ ሴቶች ሰብስባ ወደ ቤቱ ትመጣለች። ኤላ ሴቴ ያደረገችውን አትወድም፤ ነገር ግን ያለፈ ኀጢአት ተነሥቶ በሕያዋን ቤት ጌታ ሲሆን ከዚያ ይልቅ አትወድም። ሴቶቹ ከደጁ ቆመው ይጸልያሉ፣ ይዘምራሉም። በዚያን ጊዜ አንድ ነጭ ሽማግሌ በጋሪ ይመጣል፤ ሴቴም ያ የቀድሞው አሳዳጅ መስሎዋት በረዶ መውጊያ ይዛ ትሮጣለች። ቀድሞ እጅዋ በልጅዋ ላይ ተነሥቶ ነበር፤ አሁን ግን በመጣው ሰው ላይ ተነሣ። ሴቶቹ ይይዝዋታል። ልጂቱም በዚያ መካከል ትጠፋለች።

እንግዲህ መዳን የተባለው ነገር ከዚህ ላይ ምንድን ነው? ያንጊዜ ያልመጡት ጎረቤቶች አሁን መጡ። በ1855 ዓመት አንድ ልጅ ልከው ሊከፍሉት ይችሉ የነበረውን ዕዳ ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ ሠላሳ ሆነው ከፈሉት። ለሟቺቱ አልጠቀመም። ፍጻሜው የመዳን ነው የሚሉት ተማሪዎች የዘፈኑን ድምፅ ሰምተው ዕዳውን አይቈጥሩም፤ ፍጻሜው የመርሳት ነው የሚሉትም ሴቶቹ የመጡት ረስተው ሳይሆን አስታውሰው መሆኑን አያዩም። እርግጥ ነው፣ ፖል ዲ የተባለው የሴቴ ወዳጅ ተመልሶ በአልጋዋ አጠገብ ይቀመጣል፤ ውኃ አሙቆ ሊያጥባት ይፈቅዳል፤ የራሱንም ታሪክ ከእርስዋ ታሪክ ጎን ሊያኖር ይሻል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። መጽሐፉ ግን በዚህ አላበቃም።

የሁለቱ ገጾች ምዕራፍ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በዚያም ሰዎቹ ሁሉ ልጂቱን እንደ ክፉ ሕልም እንደ ረስዋት ይነገራል። አንዲት አጭር ዐረፍተ ነገርም ሦስት ጊዜ ትደጋገማለች፤ ሦስተኛው ጊዜ ከ«ነበር» ወደ «ነው» ትለወጣለች። የእንግሊዝኛው ግሥ ሁለት መንገድ አለውና ታሪኩ ለሌላ እንዳይነገር ይከለክላል ተብሎ ሊተረጐም ይቻላል፤ ታሪኩ እንዲሁ ታልፎ እንዳይቀር ይከለክላል ተብሎም ሊተረጐም ይቻላል። የአማርኛ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸግረውም፤ በእኛም ቋንቋ ከግእዙ «ኀለፈ» የወጡት ግሦች እንዲሁ ናቸው። ታሪክን ለልጅ ልጅ ማስተላለፍ አለ፤ ያዩትን እንዳላዩ ሆኖ ማሳለፍ አለ፤ ሰውንም ለጠላቱ አሳልፎ መስጠት አለ። በ1850 ዓመት የወጣው ሕግ የሚያዝዘው ሦስተኛውን ነበር። ከጦርነቱ በኋላ የመጣው ዝምታ ሁለተኛው ነው። መምህሩ ክፍሉን መጠየቅ ያለበት የመጀመሪያውን ያለ ሁለቱ ማድረግ የሚቻል እንደ ሆነ ነው፤ ታሪኩን ለልጅ የሚነግር ሰው የነገረውን ልጅ ለዚያ ለቀድሞው ሥቃይ አሳልፎ እንዳይሰጠው የሚጠነቀቅበት ዘዴ አለን? ሴቴ ይህን ፈርታ ለዴንቨር ሳትነግራት ኖረች፤ ዴንቨርም ሳይነገራት እናትዋን እየፈራች አደገች።

የስሙንም ነገር ማንሣት ይገባል። መጽሐፉ በመክፈቻው ላይ የሚጠቅሰው ከሮሜ መልእክት ከምዕራፍ 9 ቍጥር 25 ነው፤ ይኸውም ጳውሎስ ከነቢዩ ከሆሴዕ ያመጣው፣ ያልተወደደችው የተወደደች ተብላ እንደምትጠራ የሚናገረው ቃል ነው። በታሪኩ ውስጥ ግን ስሙ የመጣው በሌላ መንገድ ነው። ሴቴ ልጅዋ በተቀበረች ጊዜ ሰባኪው ሲናገር የሰማቻት የአንዲት ቃል በድንጋይ ላይ እንድትጻፍላት ፈለገች። ገንዘብ ስላልነበራት ድንጋይ ጠራቢው በገላዋ አስከፈላት፤ በዚያ ዋጋ ያገኘችው አንድ ቃል ብቻ ነው። ያም ቃል ሰባኪ በእንግሊዝኛ ጉባኤውን «የተወደዳችሁ» ብሎ ሲጠራ የሚናገረው ነበር። ሰባኪው የጠራው የቆሙትን ነው፤ እናቲቱ ግን ለሞተችው የተባለ መሰላት፣ ወይም እንዲሁ እንዲሆን ወደደች። እንግዲህ በመቃብሩ ላይ የተጻፈው የሟቺቱ ስም አይደለም፤ መቃብሩን ከበው የቆሙት ሰዎች መጠሪያ ነው። ከሠላሳው ሴቶች ያን ቀን በቀብሩ ላይ የነበሩት ቢገኙ ስሙ የእነርሱም ነው። የመጽሐፉ የመጨረሻ ቃል ይህ ስም ሆኖ ሲገኝ ለማን እንደ ተነገረ ለመወሰን የሚቸኵል ተማሪ ወደ ቀብሩ ገጽ ቢመለስ መልካም ነው።

ወይዘሮ ሞሪሰን በ1988 ዓመት ስለዚሁ መጽሐፍ የፑሊትዘርን ሽልማት፣ በ1993 ዓመትም የኖቤልን ሽልማት ተቀብለዋል፤ በ2019 ዓመት በኦገስት ወር ዐርፈዋል። በ1989 ዓመት ስለ መጽሐፉ ሲናገሩ በባርነት ለሞቱት ሰዎች ማሰቢያ የሚሆን ሐውልት ወይም ግንብ፣ በመንገድ ዳርም ቢሆን አንዲት መቀመጫ እንኳ እንደሌለ፣ መጽሐፉንም የጻፉት ስለዚህ እንደ ሆነ ገልጸው ነበር። በስማቸው የተቋቋመው ማኅበር ይህን ንግግር አልረሳም። በ2008 ዓመት በጁላይ ወር በሳውዝ ካሮላይና በሱሊቫን ደሴት፣ ከአፍሪካ በመርከብ የተጫኑት ብዙ ባሮች ወደ ገበያ ከመወሰዳቸው በፊት ይወርዱበት በነበረው ስፍራ፣ ከብረት የተሠራች ጥቁር መቀመጫ ተተከለች። ደራሲቱም በዚያ ተገኝተው ነበርና፣ ሰባ ሰባት ዓመት ሆኗቸው ሳለ፣ ወደ ውኃው ፊታቸውን መልሰው ተቀመጡባት።